«ወደ አንጎል ይሻገራል» የተባለለት የዕፅዋት ካፕሱል፦ የሚሻገረው የትኛው ነው?

ለማስታወስና ለትኩረት ይረዳል ተብሎ የሚሸጠው ይህ ካፕሱል በብልቃጡ ፊት ላይ «የደም-አንጎል አጥርን ይሻገራል» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ታትሞበታል። ጀርባው ላይ ከእርድ የወጣ 500 ሚሊግራም ኩርኩሚን፣ ከቁንዶ በርበሬ የተገኘ 5 ሚሊግራም ፓይፐሪን፣ ጊንኮ ከተባለው ዛፍ ቅጠል የወጣ 120 ሚሊግራም ንጥር፣ በመጨረሻም ዓይንን በሚያደክም ደቃቅ ፊደል 100 ማይክሮግራም ሁፐርዚን ኤ (ይህም ከዕፅዋት የሚገኝ ውህድ ነው) ተዘርዝረዋል። የአራቱ ጠባይ እጅግ የተለያየ ሆኖ ሳለ አንድ ተስፋ ለሁሉም መሰጠቱ የምርቱ ዋና ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

አጥር የሚባለው የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከውስጥ የሚሸፍኑ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የሚሠሩት ግድግዳ ነው። በሌላው የሰውነት ክፍል በሕዋሳት መካከል ሾልኮ የሚያልፈው ነገር እዚህ መሹለኪያ ስለማያገኝ በሕዋሱ በራሱ በኩል ማለፍ ይኖርበታል፤ ይህ የሚሳካለትም በአብዛኛው በስብ ውስጥ የሚሟሟና ክብደቱ ከ400 እስከ 500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የማይበልጥ ሞለኪውል ነው። ይህን ያሟላውም ቢሆን ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለ ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ከደጃፍ ወደ ደም ሊመልሰው ይችላል። ለተቅማጥ የሚታዘዘው ሎፐራማይድ ከሞርፊን ወገን ሆኖ ሳለ በታዘዘው መጠን ሲወሰድ የማያደነዝዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ካፕሱሉን ከፍቼ የዱቄቱን ከፊል በውሃ፣ ከፊሉን በዘይት አማስዬ ተመለከትሁ፤ በውሃው ውስጥ ቢጫዎቹ ቅንጣቶች ሳይሟሙ ሲቀሩ ዘይቱ ግን ቀለሙን ያዘ። ኩርኩሚን 368 ዳልተን የሚመዝን ስብ ወዳድ ሞለኪውል በመሆኑ በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን ፈተናውን ያለፈ ይመስላል። ነገር ግን ከተዋጠ በኋላ አንጀትና ጉበት ወዲያው ውሃ ወዳድ ወደሆነ ቅርጽ ስለሚለውጡት፣ አጥሩ ዘንድ የሚደርሰው ያልተለወጠ ኩርኩሚን እጅግ ጥቂት ነው። ፓይፐሪን የተጨመረው ለዚህ መላ ነው። በ1998 የታተመ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፓይፐሪን ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን በ2000 በመቶ መጨመሩን ዘግቧል፤ አምራቹም መቶ ለአንዱን ምጥጥን ሳያዛንፍ ወስዶታል። ሆኖም ጥናቱ የለካው ደምን እንጂ አንጎልን አይደለም፤ ያለ ፓይፐሪን ሲወሰድ ደም ውስጥ የታየው መነሻ መጠንም ለመለካት እስኪያስቸግር ድረስ አነስተኛ ነበር። ፓይፐሪን የመድኃኒት ማብላያ ኢንዛይሞችንና ያንኑ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ስለሚገታ፣ ለሚጥል በሽታ የሚወሰደውን ፌኒቶይንን የመሰሉ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዲጨምሩ ሊያደርግ ይችላል። ይህን የሚያስጠነቅቅ ቃል ብልቃጡ ላይ አላገኘሁም።

የጊንኮ ጉዳይ አጭር ነው። ከውህዶቹ አንዳንዶቹ በእንስሳት ሙከራ አንጎል ውስጥ ተገኝተዋል፤ ይሁን እንጂ ከ3,000 በላይ አረጋውያንን፣ ግማሽ ያህሉ በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ጊንኮ፣ የቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን እየወሰዱ፣ ለዓመታት የተከታተለውና በ2008 የታተመው ሰፊ ጥናት የመርሳት በሽታን እንደማይከላከል አሳይቷል። መሻገር ሌላ፣ መፈወስ ሌላ።

በእኔ ግምት በጉልህ የተጻፈውን ተስፋ በእርግጥ የሚፈጽመው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ሁፐርዚን ኤ ነው። 242 ዳልተን ብቻ የሚመዝነው ይህ ውህድ አጥሩን በቀላሉ ያልፋል፤ አልፎም በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሰውን አሴቲልኮሊን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ይገታል። ለአልዛይመር የሚታዘዘው ዶኔፔዚል የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ በማይክሮግራም መለካቱ ሊያዘናጋ አይገባም፤ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያስከትል፣ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ይችላልና። ዶኔፔዚል ወይም የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዲገዛው አልመክርም።

ማሸጊያው እንከን የለውም፤ ካፕሱሉ ግን ትልቅ በመሆኑ ለመዋጥ ያስቸግራል። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱንም ያገኘው ብዙ መሰሎቹ «ልዩ ቅይጥ» ብለው በጅምላ የሚያልፉትን መጠን በየንጥረ ነገሩ ለይቶ በመጻፉ ነው።