የባቡር ሞዴል ሻንሲ መገጣጠሚያ የእንጨት ጂግ፦ ክረምትና በጋ ካለፈበት በኋላ

የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ሻንሲ፣ ማለትም መንኮራኩሮቹን የሚሸከመው የታች አካል፣ የሚገጣጠምበት ይህ የእንጨት ጂግ (ክፍሎቹን በቦታቸው አጥብቆ የሚይዝ መደገፊያ) አቃቂ ዳር ባለው ጠረጴዛችን ላይ ክረምቱንም በጋውንም አሳልፏል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን መያዝ እንጂ መለካት አይደለም። ይህ ሳይለይ የተሠራ ሻንሲ ለዓይን ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ሐዲድ ላይ ሲወጣ ግን ያዝ ለቀቅ ይላል።

መደቡ 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ነው። በላዩ በስኳድራ የተገጠሙ ሁለት ጠርዞች፣ የናስ ላሜራዎቹን ግራና ቀኝ አራርቆ የሚይዝ የመሃል ጉማጅ፣ በአክስል (ግራና ቀኝ መንኮራኩሮችን በሚያገናኘው ብረት) ፈንታ የሚገቡ 3.175 ሚሊሜትር የብረት ፒኖች አሉት። ከሁሉም የሚበልጠው የፒኖቹ ርዝመት ነው። ሻንሲው 12 ሚሊሜትር አካባቢ ወርድ ሲኖረው ፒኑ 100 ነው፤ ላሜራው ላይ የማይታይ ጥመት ፒኑ ጫፍ ላይ ስምንት እጥፍ ያህል ሆኖ ይወጣል። የሁለት ፒኖችን ርቀት በግራም በቀኝም ጫፍ በካሊፐር ለኩ። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊሜትር ካለፈ ሊዱን (የብየዳ ማጣበቂያውን) አሙቁና ሻንሲውን አቃኑት።

የአክስሎቹን ርቀት ግን መደቡ ላይ ከተሰመረው መስመር አትውሰዱ። መጀመሪያ መሠራት ያለባቸው መንኮራኩሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት አያያዥ ዘንጎች ናቸው። የፒኖቹ ጫፍ በቶርኖ ስለቀጠነ የዘንጉ ቀዳዳ ልክክ ብሎ ይገባበታል፤ ርቀቱን የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያ ሁለቱን ላሜራዎች ከሚያያይዙት ማራራቂያዎች የመሃሉ በአንድ ጠብታ ሊድ ይያዝ፣ ቀጥሎ የፊቱ፣ ቀጥሎ የኋላው። አንዱን ጫፍ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ናሱን በሙቀት ያጣምመዋል። ኩሽኔታዎቹ የሚበየዱት መጨረሻ ላይ ነው፣ ፒኖቹ ሳይወጡ። ሊድ ፒኑን እንዳይዘው ቀድሞ በጽሕፈት እርሳስ ማጥቆር ይበቃል።

እንጨቱ የሚጎዳው በሁለት ነገር ነው። 60/40 ሊድ (60 እጅ ቆርቆሮ፣ 40 እጅ እርሳስ) 190 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ያልቃል፣ የካውያው ጫፍ ግን 350 ስለሚደርስ የጉማጁን ጠርዝ ያከስላል፤ የከሰለ ጠርዝ ደግሞ ልኩን አይጠብቅም። ብየዳው በሚያርፍበት ቦታ ቀጭን የሴራሚክ ስባሪ ማጣበቅ ይረዳል። አልሙኒየም አይሆንም፣ ሙቀቱን ስቦ ይወስዳል። ሁለተኛው ፍላክስ፣ ማለትም ሊዱ እንዲፈስና እንዲይዝ የሚቀባው ነገር፣ ነው። አሲድ ያለበት ፍላክስ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ቆይቶ ፒኖቹን ያዝጋል፤ ሥራው ሲያልቅ ፒኖቹን አውጥቶ ማጠብና ዘይት መቀባት ግድ ነው።

ክረምት ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ የሚያብጠው በወርዱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም፤ 60 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ሊንቀሳቀስ ይችላል። ኮምፔርሳቶው ንብርብሩ ተሻግሮ የተጣበቀ በመሆኑ አላስቸገረም። ከባሕር ዛፍ የተሠሩት ጠርዞች ግን ሐምሌ ላይ ከ90 ዲግሪ ወጡ። በደረቀ ዋንዛ ከተቀየሩ ወዲህ ጸንተዋል። ቫርኒሹ ከሥርም ከላይም ይቀባ፤ በአንድ ፊት ብቻ ከሆነ መደቡ ይቆለመማል።

መብራት ሲሄድ በቀዘቀዘ ካውያ አትግፉ፤ ሊዱ ሳይፈስ ጉብ ብሎ ይቀራል። ሻንሲውን ከጂጉ ሳታወጡ መብራቱን ጠብቁ። እንጨት ጂግ ላይ የጋዝ ችቦ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሻንሲው ከወጣ በኋላ መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ የማይወዛወዝ መሆኑን እዩ። ከዚያ አያያዥ ዘንጉን በአንድ ጎን ብቻ አስገብታችሁ ግፉት። እዚያው ከያዘ የአክስሎቹ ርቀት ከዘንጉ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። በአንድ ጎን ነጻ ሆኖ በሁለቱም ሲገባ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጂጉ አይደለም፤ አያያዥ ዘንጉ የሚገባባቸው የግራና የቀኝ መንኮራኩሮች ፒኖች እርስ በርስ ሊኖራቸው የሚገባው የ90 ዲግሪ ልዩነት ተዛብቷል።

የመሃል ጉማጁ የተቆረጠው በሁለቱ ብረቶቹ መካከል 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ሐዲድ ነው። በ1፡87 ልኬት ይህ የዛሬውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1435 ሚሊሜትር ይወክላል። የድሮው መስመር ግን 1000 ሚሊሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 11.5 ይመጣል፣ ሞዴል የሚሠራበት ሐዲድም 12 ነው። የአሮጌውን መስመር ባቡር ለሚሠራ ሰው ጠበብ ያለ ሌላ ጉማጅ ያስፈልጋል። እሱንም ከዋንዛ አስቆርጡ፣ ልኩ ላይ እስኪደርስ በካርታቤትራ እያሻችሁ በካሊፐር ለኩት።