የሳንባ ሕመም ክትትል በቡድን ሲሰጥ፦ የአንድ ጤና ጣቢያ አገልግሎት ሲመዘን

አባቴ የአየር ቧንቧን እያጠበበ ለሚሄደው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ ሐኪሞች ሲኦፒዲ ለሚሉት፣ ክትትል የሚያደርጉት በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በተቋቋመ ቡድን ዘንድ ነው። ቡድኑ ጠቅላላ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና ፊዚዮቴራፒስት ያሉበት ሲሆን አራቱም የሚጽፉት በአንድ የክትትል ካርድ ላይ ነው። ይህን ግምገማ የጻፍኩት ተመሳሳይ ሕመም ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ ቤተሰቦች ከእንዲህ ያለ አገልግሎት ምን መጠበቅና ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው እንዲያውቁ ነው።

ክትትሉ የተጀመረው ትንፋሽን በሚለካ መሣሪያ፣ በስፓይሮሜትር፣ በሚደረግ ምርመራ ነው። ሕመምተኛው ደረቱን በአየር ሞልቶ በቱቦው ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል፤ በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣው አየር በጠቅላላ ከወጣው ጋር ይነጻጸራል። የአየር ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት ከተወሰደም በኋላ ንጽጽሩ ከ0.70 በታች ከሆነ የአየር ቧንቧው መጥበቡ ይረጋገጣል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. ከ1846 ጀምሮ የሚታወቅ ቢሆንም በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት እስካሁን የለም፤ በዚህም የተነሳ ብዙ ሰዎች አስም ነው እየተባሉ፣ አለያም የእርጅና ትንፋሽ ማጠር ነው ተብለው እየተተዉ፣ ትክክለኛውን ሕክምና ሳያገኙ ዓመታት ያልፋሉ። እዚህ ግን ምርመራውን የምትሠራው ነርስ በሚገባ የሠለጠነች ናት። ሕመምተኛው ነፍቶ ቶሎ ካቆመ ውጤቱ እንደሚያሳስት ስለምታውቅ «ይንፉ፣ ይንፉ፣ አሁንም ይንፉ፣ አይዞዎት» እያለች ሳንባቸው ባዶ እስኪሆን ታበረታታቸዋለች፤ ያልተስተካከለ ከሆነም አሳርፋ ታስደግማቸዋለች።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ የታየኝ በኢንሄለር፣ ማለትም በአፍ በሚሳብ መድኃኒት መያዣ፣ አጠቃቀም ላይ ነው። አባቴ መድኃኒቱን በየቀኑ ቢወስዱም ትንፋሻቸው አልሻል ብሎ ስለነበር ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ሊጨምርላቸው አስቦ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ወደ ነርሷ ላካቸው፤ እሷም «አባባ፣ እስቲ ቤት እንደሚወስዱት አድርገው ያሳዩኝ» አለቻቸው። አባቴ የኢንሄለሩን የመድኃኒት ጣሳ ተጭነው አየር መሳብ የሚጀምሩት ዘግይተው ስለነበር መድኃኒቱ በከንፈራቸው ጠርዝ እንደ ጉም ሲወጣ በዓይናችን አየነው። ነርሷ ይህንኑ ካርዱ ላይ ጻፈች፤ ፋርማሲስቱ ስፔሰር፣ ማለትም በኢንሄለሩና በአፍ መካከል ገብቶ መድኃኒቱን የሚያቆይ ባዶ ዕቃ፣ ሰጥቶ በዝግታ መሳብንና ትንፋሽን እስከ 10 ሴኮንድ መያዝን አለማመዳቸው፤ ሐኪሙም ሊጨምር ያሰበውን መድኃኒት ተወው። ዱቄት ያለው ኢንሄለር ደግሞ በተቃራኒው በፍጥነትና በጥልቀት መሳብ እንዳለበት፣ ስቴሮይድ ካለበትም አፍን መጉመጥመጥ እንደሚያስፈልግ ያስረዳን ፋርማሲስቱ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ባይነጋገሩ ኖሮ አባቴ የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ይወስዱ ነበር።

ስፔሰር ባለቀ ጊዜም ቡድኑ ሕመምተኞችን ባዶ እጃቸውን አልሸኘም። የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ተበስቶና ዙሪያው ተደፍኖ እንዴት በስፔሰር ፈንታ እንደሚያገለግል ያሳዩ ነበር። ይህ በዘፈቀደ የመጣ ብልኃት አይደለም፤ አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በዚህ መልክ የተዘጋጀ ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በእኔ እምነት ፈጠራ ሊባል የሚገባው ቡድኑ ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ ስሜት በስልክ እንዲሞላ ከሚልከው መጠይቅ ይልቅ ይህ ነው። ስምንት ጥያቄዎች ያሉት ይህ መጠይቅ ጠቃሚ ቢሆንም በዕድሜ የገፉ ሕመምተኞች ያለ ረዳት አይሞሉትም።

ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር የሚደረገው የአካል ብቃት ልምምድም ምስጋና ይገባዋል። አባቴ ትንፋሽ ያጥረኛል በሚል ፍርሃት ከመቀመጫቸው መነሳት ትተው ነበር፤ በ6 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመዱ ተለክቶላቸው፣ ከንፈርን አሞጥሙጦ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣትን ተምረው አሁን ደረጃ ይወጣሉ። ቅር የሚለኝ ልምምዱ ሲያበቃ የሚከታተል አለመኖሩ ነው። ሰው ልምምዱን ካቆመ ያገኘው ብርታት እንደሚቀንስ እየታወቀ በየጊዜው ጠርቶ የሚጠይቅ አልተመደበም።

ከዚህ የሚከፋው ጉድለት ግን የሚታየው ሕመሙ ሌሊት ሲነሳ ነው። አባቴን ወደ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንወስድ እዚያ ያሉት ባለሙያዎች የቡድኑን ካርድ ማየት አልቻሉም፤ ኦክስጅኑንም ሳይመጥኑ በብዛት ለቀቁላቸው። እንደ እሳቸው ባለ ሕመምተኛ ዘንድ በጣት ላይ በሚደረግ መሣሪያ የሚለካው የደም ኦክስጅን ሙሌት ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን የሚመከረው ኦክስጅኑ ከመጠን ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ሊከማች ስለሚችል ነው። ይህን የሚያውቀው ቡድን በሥራ ሰዓት ብቻ መገኘቱ፣ ያወቀውንም በጽሑፍ አስይዞ አለመላኩ ትልቅ ክፍተት ነው።

ያም ሆኖ አገልግሎቱን በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ክትትል የምትጀምሩ ቤተሰቦች በመጀመሪያው ቀጠሮ የስፓይሮሜትር ውጤቱን ግልባጭ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩን፣ ሕመሙ ሲባባስ የሚደረገውን ቅደም ተከተልና የሚፈቀደውን የደም ኦክስጅን ሙሌት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ እኛ ስንጠይቅ ሐኪሙ ሳያቅማማ ጽፎ ማኅተም አድርጎበታል።