ሽጉጥ በምክር ቤት፦ ቴክሳስና ሚሺጋን

በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ምክር ቤት ፈቃድ ያለው ዜጋ ሽጉጡን እንደታጠቀ እንዲገባ ይፈቅዳል። ደጋፊዎቹ ሕግ አክባሪ ሰው ራሱን የመከላከል መብቱን በር ላይ ጥሎ አይገባም ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ፈቃድ ያወጣ ሰው ቢያንስ ማንነቱ ተጣርቷል።

ሚሺጋን መንገዱን የለወጠው አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 2020 ጠመንጃ ያነገቡ ተቃዋሚዎች ላንሲንግ ወደሚገኘው ምክር ቤት ገቡ፤ አንዳንድ እንደራሴዎች ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለብሰው ተቀመጡ። ይህ ሁሉ በጊዜው ሕጋዊ ነበር! በ2021 መሣሪያን በግልጽ ይዞ መግባት ተከለከለ፤ በ2023 ክልከላው በልብስ ሥር ለተሸሸገውም ተዘረጋ።

እኔ ከሚሺጋን ጋር ነኝ። የታጠቀ ሰው ከሰገነት ቁልቁል እያየው ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴ ነጻ ነው ብዬ አላምንም።