ሐይቁ ዳር ያለችው ዓሣ ቤት፦ ቆሮሶውና ዕርቁ

ባሕር ዳር ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ሞልቷል። ይህች ግን ሰሌዳ እንኳ የላትም። ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር፣ አራት ጠረጴዛና አንድ የቆርቆሮ ማድቤት፣ በቃ። ሰዉ «እትዬ ጋ» ነው የሚላት።

ከምግቡ ልጀምር። ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጠዋት በታንኳ የመጣ ነው። ጎንና ጎኑ ይተለተላል፣ ጨው ይነሰነስበትና የጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል። ቆዳው ኩርሽም ይላል፤ ሥጋው ነጭና እርጥብ ነው። ዳጣዋ ነጭ ሽንኩርት ይበዛበታል፤ እኔ እንደዚያ ነው የምወደው። ሎሚ ሳትጠይቁ ይመጣል። ለአንድ ሙሉ ጥብስ 400 ብር ከፈልኩ። ዱለቱን አልመክርም፣ ዘይት ይበዛዋል። ቡናው የዘጌ ነው፤ እሱን ሳትጠጡ እንዳትነሡ። መዘግየቱ ግን ያስመርራል። ባለፈው ቅዳሜ 50 ደቂቃ ጠብቀናል።

ይህን ያጻፈኝም ያ 50 ደቂቃ ነው።

አብሮኝ የነበረው የጽዋ ማኅበር ወንድሜ ነው። ሰባት ወር ተኳርፈን ነበር። የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ፤ የዝክሩን ጌሾና ብቅል የገዛው እሱ። 1,200 ብር ጎደለ። እሱ በሌለበት «የሱ ሒሳብ አልገባኝም» ብዬ ለማኅበርተኞቹ ተናገርኩ። ደረሰው። ከዚያ ወዲያ ዝም ተባባልን።

አልሰደብኩትም፣ አልከሰስኩትም። ስለዚህ ራሴን ሰላማዊ ሰው አድርጌ ቆጠርኩ። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እጅ ይነሣል። እኔ አንድ ምሰሶ ነበረኝ። ከምሰሶው ወዲህ ያሉትን እጅ እነሣለሁ፤ እሱ ወዳለበት ወደ ወዲያኛው አልዞርም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የኔው ግን ነቅዞ ነበር።

እትዬ ሁለታችንንም ታውቀናለች። ለየብቻ ስንመጣ ታዝባለች። አንድ ቀን «ጓደኛህስ?» አለችኝ።

«ሰላም ነው።»

«ሰላም ከሆነ ቅዳሜ ይዘኸው ና።»

እሱንም እንዲሁ ብላው ኖሯል።

ቅዳሜ ሁለታችንም ሐይቁን እያየን ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ ከማድቤት ሠራተኛዋ ጋር ተነታረከ። እሱ 20 ዓሣ አስረክቤያለሁ ይላል፤ ልጅቱ 18 ነው ትላለች። ጮኸባት። ከጎናችን የነበረ ሰው «እትዬ፣ የሁለት ዓሣ ነገር ነው፤ ክፈይውና ይሂድ» አለ።

እትዬ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «ከፍዬው ቢሄድ እሷን ሌባ ብሎ ነው የሚሄደው» አለች። ላስቲክ አነጠፈችና ዓሣውን ደፋችው። ሁለቱን ፊት ለፊት ቁጭ አደረገቻቸው። እሱ አንድ ያነሣል፣ ልጅቱ አንድ ታነሣለች። 19 ሆነ። ታንኳው ሲፈተሽ አንዲት ትንሽ ቆሮሶ ደንገሉ መሃል ተሸጉጣ ተገኘች። ልጅቱ «አጥፍቻለሁ» አለች። እሱም ጎንበስ ብሎ «እኔም ጮኼብሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አላት። በዚህ መሃል የኛ ዘይት ቀዝቅዟል።

እትዬ ወደኛ ዞረች። «እናንተስ? ቆጥራችኋል?»

አልቆጠርንም። ሰባት ወር ሙሉ ደብተሩን አንድ ቀን አብረን አልገለጥነውም። ፎቶው ስልኬ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነውና መስመር በመስመር ወረድን። 800ው የብቅልና የጌሾ ማስፈጫ ሆኖ ተገኘ፤ እኔው ራሴ «ክፈል» ብዬው ሳልመዘግበው የቀረሁት። 400ው ዛሬም አልተገኘም። ለሁለት ተካፈልነው። ስሙን ያነሣሁት ማኅበሩ ፊት ስለነበር፣ በማግስቱ እሁድ ይቅርታ የጠየቅኩትም እዚያው ማኅበሩ ፊት ነው። ጉሮሮዬን ይዞኝ ነበር።

መንፈሳዊ ብስለትን ለዓመታት በጾምና በስግደት ስለካው ኖሬያለሁ። እነሱን አልተውኩም። ጌታ ግን በማቴዎስ 5፥9 ብፁዓን ያላቸው የሚያስተራርቁትን ነው። ከማንም ጋር ሳይነካካ ዳር የቆመ ሰው እዚያ ውስጥ አልተጠቀሰም። ወረድ ብሎ ደግሞ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና ታረቅ ይላል። ሂድ የተባለው ወንድሙ የተቀየመበት ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ እሱ እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር። እትዬ ይህን ሁሉ አልሰበከችንም። ላስቲክ አንጥፋ ዓሣ አስቆጠረች።

ለምትሄዱ፦ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ድረሱ። ከ7 በኋላ ቆሮሶው አልቆ አምባዛ ብቻ ይቀራል። በጾም ሽሮ ነው የምትሠራው። መታጠቢያው ላይ ሳሙና የለም፤ ነግሬያታለሁ። የተኳረፋችሁትን ሰው ይዛችሁ ከሆነ ውሃው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ያዙ። የማድቤቱ ጭስ አይደርስበትም፣ የምታወሩትም ለሌላ ሰው አይሰማም።