ግሮኒንገን ላይ የባለቤቴን ዘር ስንቆጥር

እኔ ያደግኩት ሆላንድ ግሮኒንገን ስለሆነ ሀገር ቤት ገባሁ ስል እዛ ማለቴ ነው ሃሃ። አሁን የምኖረው ሚሺጋን ነው፣ ባለቤቴ ፈረንጅ ነው፣ የእሱ ዘሮች ደግሞ ከዛው ከግሮኒንገን ገጠር ተነስተው አሜሪካ የገቡ ናቸው። ሚሺጋን በ1847 ቫን ራልተ የሚባለው ፓስተር ሰው ይዞ ከገባ ወዲህ ደች የሞላበት ነው። ዘንድሮ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ እሱንም አስከትዬ ዘሩን ቆጠርንለት።

መጀመሪያ የማልመክራችሁን ልንገራችሁ፣ ከመሄዳችን በፊት ዘር እንፈልጋለን ለሚል አንድ ድርጅት (ስሙ ይቅር) ደህና ብር ከፍለን የላኩልን ፒዲኤፍ በሙሉ "አለ ግሮኒንገርስ" (AlleGroningers) የሚባለው የግሮኒንገን መዝገቦች ሳይት ላይ በነጻ ያለ ነገር ነው!! ስም ብቻ ጽፋችሁ የልደት የጋብቻ የሞት መዝገቡን ፎቶ ራሱን ታያላችሁ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ከሆነ ደግሞ "ዊ ዋስ ዊ" (WieWasWie) የሚባለው ሳይት ላይ ሞክሩ። ልደት 100፣ ጋብቻ 75፣ ሞት 50 ዓመት ካልሞላው አይለቁትም፣ የቅርቡን ዘመዶቻችሁን ጠይቁ።

ግሮኒንገር አርኪቨን (የግሮኒንገን መዝገብ ቤት) ግን አስር ከአስር። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው፣ ማንበቢያ ክፍሉ በነጻ ነው፣ ቦርሳ ሎከር ውስጥ ይቀመጣል፣ እስክሪብቶ አይገባም እርሳስ ብቻ። ሠራተኛዋ የጋብቻ አባሪዎቹን አይታችኋል ወይ አለችን፣ እኛ እቴ! ለካ ያኔ ሰው ሲጋባ የልደት ማስረጃ፣ ወላጅ ሞቶ ከሆነ የሞቱን ወረቀት፣ ወንዱ ደግሞ የሚሊሻ ወረቀት ያስገባ ነበር፣ የሚሊሻው ወረቀት ላይ ቁመቱ ግንባሩ አይኑ አፍንጫው ሁሉ ተጽፏል፣ ፎቶ በሌለበት ዘመን ማለት ነው። የቅድመ አያቱ አባት አገጭ "ሹል" ይላል፣ ባለቤቴ ወዲያው እጁ ወደ አገጩ ሄደ።

ከ1811 ወደ ኋላ ስትሄዱ የቤተክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ነው ያለው። የቤተሰብ ስም ያዙ ብሎ ያስገደዳቸው ናፖሊዮን ነው፣ ከዛ በፊት ሰሜኑ አካባቢ ብዙው ሰው እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠራው፣ ያን ፒተርስ ማለት የፒተር ልጅ ያን። ሴቶቹም አግብተው መዝገብ ላይ በራሳቸው ስም ነው የሚቀጥሉት። ባለቤቴ ግራ ሲገባው እኔ ዘና ብዬ አነበብኩለት።

ባቡር ላይ የባንክ ካርድ ማስነካት ይበቃል፣ ግን ከአንዱ ባቡር ድርጅት ወደ ሌላው፣ ከኤንኤስ (NS) ወደ አሪቫ (Arriva)፣ ስትቀይሩ አንዱ ላይ ወጥታችሁ ሌላው ላይ እንደገና አስነኩ።

ዘራችሁ ከዜላንድ (የሆላንድ ክፍለ ሀገር ነው) ከሆነ ግን ከበድ ይላል፣ ዋና ከተማዋ ሚድልበርግ በሜይ 1940 ስትቃጠል የድሮዎቹ የቤተክርስቲያን መዝገቦች አብዛኞቹ አብረው ነደዋል። የአማቴ ወገን ደግሞ ከዛው ነው፣ እንግዲህ ለሚቀጥለው።