ደረጃዋን ሳይጠይቁ ልጄን ላወቋት የተማሪዎች አማካሪ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ባለፈው ዓመት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረችውን ልጄን በአንድ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በምክር የረዷትን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም አገልግሎታቸውን እንድታውቁት ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ አጥብቀው ስለጠየቁኝ፣ ተማሪዎቹ እንደሚጠሯቸው እኔም «ቲቸር» እያልኩ እቀጥላለሁ። ልጄ ረቂቁን አንብባ ፈቅዳልኛለች፤ ሁለት ቦታ ላይም አርማኛለች።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነበር። ልጄ እስከ 8ኛ ክፍል የተማረችው ሳሪስ ከቤታችን አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በእነዚያ ስምንት ዓመታት ከአንደኝነት የወረደችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ታማ ፈተና ባመለጣት ሴሚስተር ነበር። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቷ ከፍ ያለ ስለነበር ተማሪዎችን በመግቢያ ፈተና መርጦ ወደሚቀበል ትምህርት ቤት አመለከትን፤ አለፈች። ዳቦ ተደፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠራ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ የመጣው ካርድ ግን «ከ48 ተማሪዎች 23ኛ» ይል ነበር። አማካይ ውጤቷ 86 ነው። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ 19 ዓመት ሙሉ ቁጥር ከቁጥር ሳስተያይ ኖሬአለሁ፤ በዚያን ቀን ግን ዓይኔ 86ቱን ዘሎ 23ቱ ላይ አረፈ። ልጄም ዓይኔ የት እንዳረፈ አየች።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ዝም አለች። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ተወች፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ጥናት ቀረች፤ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ሠርታ ታፈርሰዋለች፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲስቅ በእሷ የተሳቀ ይመስላታል። አንድ ምሽት በፊዚክስ ደብተሯ ጀርባ ላይ «ደደብ መሆኔን እስካሁን ማንም አላወቀብኝም ነበር» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። እናቷና እኔ አብዛኛው ወላጅ የሚያደርገውን አደረግን፦ «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» አልናት፤ አስጠኚ ቀጠርንላት፤ የጎረቤታችንን ልጅ ምሳሌ አድርገን ጠቀስንላት። ሦስቱም ነገሩን አባባሱት እንጂ አላቀለሉትም፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

በትምህርት ቤቶቻችን «ጋይዳንስ ቢሮ ትፈለጊያለሽ» የሚለው ቃል ከጥፋትና ከ«ወላጅ ይዘሽ ነይ» ጋር ስለተጣበቀ፣ የክፍሏ ኃላፊ ልጄን ወደዚያ ስትልካት እኔም ስጠራ ተግሣጽ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ቢሮው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለ፣ ግማሹ በአሮጌ ወንበር የተያዘ ጠባብ ክፍል ነው። ቲቸር ከሰላምታ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ፤ ደረጃዋንና ውጤቷን ግን እንዳይጠቅሱ» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያም ዘጋሁት። ትሑት መሆኗን፣ ታዛዥ መሆኗን ተናገርኩ። «ይህ የማንኛዋም ልጅ አባት የሚለው ነው» አሉኝ። አሥራ አራት ዓመት አብሬያት የኖርኳትን ልጅ የማውቃት በካርድ በኩል እንደሆነ የገባኝ በዚያች ወንበር ላይ ነው፤ አልደብቅም፣ አፍሬአለሁ።

ቲቸር የልጄ ችግር የችሎታ ማነስ እንዳልሆነ ያስረዱኝ በሙያቸው ቋንቋ ቢሆንም በሚገባኝ መንገድ ነበር። ኸርበርት ማርሽ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1984 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ችሎታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ተማሪዎች መካከል ጎበዞች በተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት የገባው ስለ ትምህርት ችሎታው ያለው ግምት ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል፤ በኋላም በ26 አገራት በሚገኙ ከ100 ሺህ በላይ የ15 ዓመት ተማሪዎች መረጃ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። ቲቸር ሲያቀሉልኝ «በኩሬ ውስጥ ትልቅ የነበረ ዓሣ ጣና ሲገባ የከሳ ይመስለዋል» አሉኝ። ልጄ አልከሳችም፤ የተለካችበት ውኃ ነው የሰፋው። እኔ ይህን ሳላውቅ «ጎበዝ ነሽ» ስላት፣ ጎበዝ ማለት አንደኛ መውጣት እንደሆነ ስምንት ዓመት ያስተማርኳት እኔው ራሴ በመሆኔ፣ ቃሌን በራሷ ካርድ አመሳክራ ውሸታም አድርጋኛለች።

ስለ ማሞገስም ብዙ ተነጋግረናል። በአንድ በኩል «ልጅ ፊት ለፊት ከተሞገሰ ይበላሻል፣ ዓይንም ይበላዋል» የሚሉ እናቶች ያሳደጉን ሰዎች ነን፤ በሌላ በኩል ዘመኑ ልጅን በሙገሳ ማጥለቅለቅን ያበረታታል። ቲቸር ሁለቱንም አልያዙም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ያሳተሙትን ሙከራ ነገሩኝ፦ አንድ ፈተና ከሠሩ በኋላ «ብልህ ናችሁ» የተባሉ ልጆች ቀጥሎ ከባድ ፈተና ሲሰጣቸው «ጥረታችሁ ጥሩ ነው» ከተባሉት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ውጤታቸውን ለሌሎች ልጆች ሲጽፉ ከፍ አድርገው የዋሹትም ከእነሱ ዘንድ በዙ። እንግዲህ ሙገሳውን ትቼ ምን ልበላት ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ያዩትን ይንገሯት፤ ያላዩትን አይንገሯት» አሉኝ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት፤ መጀመሪያ ማየት ይጠይቃል።

ከልጄ ጋር የሠሩትን ከእሷ የሰማሁት ሲሆን፣ ምስጢሯን ቲቸር አንድም ቀን ለእኔ አላሳለፉም። በጠቅላላው ሰባት ጊዜ፣ በየጊዜው 40 ደቂቃ ያህል ተገናኝተዋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት በስድስት ከፍለው «ትምህርት፣ ጓደኝነት፣ መልክና አካል፣ ስፖርት፣ ቤተሰብ፣ ምግባር» ብለው ጻፉና በእያንዳንዱ ውስጥ ራሷን እንዴት እንደምታይ፣ ነገሩም ለእሷ ምን ያህል እንደሚያሳስባት እንድትሞላ አደረጓት። ልጄ የትምህርቱን ክፍል ሞልታ ጨረሰች፤ ከመልክ በስተቀር ሌሎቹን ባዶ ተወቻቸው። በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሱዛን ሃርተር እንዳስረዱት በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ራሱን በየዘርፉ ለይቶ ማየት ይጀምራል፤ በአንዱ ዝቅ ብሎ በሌላው ቀና ማለት ይችላል፤ የልጄ ቤት ግን በአንድ ምሰሶ ብቻ የቆመ ስለነበር ምሰሶው ሲነቃነቅ ጣሪያው ሁሉ ተነቃነቀ። ቲቸር የአሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ሊቅ የዊልያም ጄምስንም የ1890 ቀመር ነግረዋታል፤ ሰውዬው ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት ያገኘውን በተመኘው አካፍሎ ነው ያሰላው። እኔ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ቀመር ወድጄዋለሁ፤ ለልጄ ከታች ያለውን ቁጥር ያሳበጥኩት እኔ መሆኔን ግን አልወደድኩትም።

የመልኩ ነገር እኔን ያስደነገጠኝ ክፍል ነው። ሃርተር በጥናቶቻቸው፣ ታዳጊዎች ለራሳቸው ከሚሰጡት ጠቅላላ ግምት ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚዛመደው ስለ መልካቸው ያላቸው ስሜት እንደሆነ ደጋግመው አግኝተዋል። ልጄ በ«መልክና አካል» ሥር የጻፈችው ከራሷ የመነጨ አልነበረም፤ አክስቷ «ቀጭኔዋ መጣች» ብላ የምትቀበላት፣ አንድ ዘመድ በበዓል ቀን «ትንሽ ጠየም ባትል» ያለው፣ እኔም «ፊትሽ ላይ ያለውን ነገር አትነካኪው፤ ይብስብሻል» ያልኩት ቃል በቃል ተጽፎ ነበር። እንደ ቀልድ የተነገረውን ሁሉ እሷ እንደ ሰነድ አስቀምጣዋለች። አክስቷ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ ቅጽል ስሙም በዚያው ቀረ።

ሰው ሁሉ ይመለከተኛል ስለሚለው ስሜት ደግሞ፣ ዴቪድ ኤልካይንድ በ1967 የታዳጊዎች «ምናባዊ ተመልካች» ብለው የገለጹት ነገር እንደሆነ አስረዷት። እኔ ይህ የእኛው ይሉኝታ አይደለም ወይ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። አይደለም አሉኝ፤ ይሉኝታ ከእውነተኛ ጎረቤትና ዘመድ ጋር የሚያኖር፣ ከነውርም የሚመልስ ነው፤ ምናባዊው ተመልካች ግን ሌላ ሥራ የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ የአንዲትን ልጅ ብጉር ሲቆጥር የሚውል ሕዝብ ነው። ከዚያም በ2000 የታተመውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ነገሯት፦ ተማሪዎች የሚያሳፍራቸውን የዘፋኝ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሰዎች ወዳሉበት ክፍል ገቡ፤ በክፍሉ ከነበሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ እንዳዩባቸው ገመቱ፤ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ልጄ አላመነችም። ቲቸርም «እኔን አትመኚ፤ ራስሽ ሞክሪው» አሏት። አንድ ሰኞ አንዱን እግሯን ነጭ፣ ሌላውን ሰማያዊ ካልሲ አድርጋ ሄደች፤ ሲመሽም የክፍሏን ልጆች ጠይቃ ቆጠረች። ያስተዋሉት 3 ነበሩ። እኔ በረቂቁ ላይ 2 ብዬ ነበር፤ እርማቱ የእሷ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የረዳት ግን ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም በ1955 ካቀረቡት የመስኮት ሐሳብ የተወሰደው ሥራ ይመስለኛል። ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀውና ሌሎች የሚያውቁለት አለ፤ እሱ የሚያውቀው ሌሎች የማያውቁት አለ፤ ሌሎች የሚያዩት እሱ ግን የማያየውም አለ፤ ማንም ያላወቀውም አለ። ቲቸር ሦስት ሰዎችን «እኔ ስለ ራሴ የማላየው፣ እናንተ የምታዩት ነገር ምንድን ነው?» ብላ እንድትጠይቅና መልሱን ሳትከራከር እንድትጽፍ አዘዟት። ጓደኛዋ «ሰው ሲያወራ ስልክሽን አታይም» አለቻት። አያቷ «ስትናደጂ ዕቃ ታጥቢያለሽ፤ ቤቱ ሲያብረቀርቅ አንድ ነገር እንደሆንሽ አውቃለሁ» አሏት። የ9 ዓመት ወንድሟ ትንሽ አሰበና «ሂሳብ ስታስረጂኝ አትጮሂም፤ አባዬ ይጮሃል» አለ። ይህ ለእኔ ምን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልገኝም። ልጄ ግን ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከወንድሟ ሌላ ሁለት የጎረቤት ልጆችን ሂሳብ ማስረዳት ጀመረች፤ አሁንም አላቋረጠችም።

ለትክክለኛነት ሲባል ጉድለቱንም ልጻፍ። ቲቸር ከአንድ ሺህ በላይ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት ብቸኛ አማካሪ ስለሆኑ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ጠብቀናል፤ አንድ ቀን ደግሞ ድንገተኛ ጉዳይ ገጥሟቸው ልጄ ሁለት ሰዓት በር ላይ ተቀምጣለች። የቢሮው በር በደንብ አይዘጋም፤ የውስጡ ወሬ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍተው ያስቀምጣሉ። እንዲህ ያለ ሥራ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ መሠራቱ ያናድዳል። ፈጣን ለውጥ ለምትጠብቁም አይሆኑም፤ እኔ በሁለተኛው ሳምንት «ምን ያህል ቀራት?» ብዬ ጠይቄ «መኪና አልሰጡኝም» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ከአቅማቸው በላይ የሆነውንም ይለያሉ፤ ልጁ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ከሁሉም ነገር ራሱን ካገለለ፣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ይህ በምክር ብቻ የሚያዝ አይደለም ብለው ያለ ማመንታት ወደ ሐኪም ይልካሉ።

መጠይቅ አምጥተው ቁጥር እንዲነግሯችሁ የምትፈልጉም አትሂዱ። ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 ያዘጋጁትን፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት የሚለካ የ10 ዐረፍተ ነገር መጠይቅ ያውቁታል፤ አልፎ አልፎም ይጠቀሙበታል፤ ነገር ግን «እኔ ምን አውቄ» ማለትን እንደ ጨዋነት ተምሮ ያደገ ልጅ ራሱን ከፍ አድርጎ ምልክት ማድረግን ስለሚያፍር፣ ዝቅ ያለ ነጥብ ሁሉ ዝቅ ያለ ግምት ነው ብለው አይደመድሙም።

የሁለተኛው ሴሚስተር ካርድ መጥቷል። ስንተኛ እንደወጣች እዚህ የማልጽፈው በልጄ ሁለተኛ እርማት መሠረት ነው።

ቲቸር፣ ይህን ካነበቡ፣ ልጄን ስለሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አገልግሎታቸውን ለምትፈልጉ ወላጆች፦ ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ውጭ ላሉ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የወረዳ ወጣት ማዕከል ያለ ክፍያ ያማክራሉ፤ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ወላጅ አብሮ መምጣት አለበት፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ውጭ ነው የሚጠብቀው። የውጤት ካርዱን ቤት ተዉት፤ ይዛችሁ ብትሄዱም አይቀበሏችሁም።