የዶሮ ቤት ከግቢው የትኛው ቦታ ላይ ይረፍ? የአራት ቦታዎች ንጽጽር

የዶሮ ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው የእንጨቱን ጥራት፣ የጣሪያውን ዓይነትና ዋጋውን ነው፤ ቤቱ የሚያርፍበት ቦታ የሚታሰበው ዕቃው ግቢ ከገባ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። የቤቱን ስፋት፣ የበሩን አቅጣጫ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር መቆም አለመቆሙን የሚወስነው ቦታው ነው፤ ውድ ቤት ደግሞ የተበላሸ ቦታን አያቃናም።

በብዙ ግቢ ውስጥ ምርጫው ከአራት አይዘልም፤ እነርሱም ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከጓሮው ጥግ አጥሩን ተጠግቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከግቢው መካከል ገላጣው ላይ ናቸው። አራቱን ከማወዳደር በፊት ግን ሁሉም ሊያልፉት የሚገባ አንድ ፈተና አለ፤ እርሱም ውኃ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥተው ይመልከቱ፤ ውኃ የተኛበት ወይም ጎርፍ ያቋረጠው ቦታ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቢሟላለትም እንኳ፣ ከምርጫው ይውጣ።

እኔ የመጀመሪያውን ቤት ያቆምኩት በግቢው ዝቅተኛ ጫፍ ነበር፤ መሬቱ ሜዳ ስለሆነና ከዓይን ራቅ ስለሚል ተስማምቶኝ ነበር። ዝናቡ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከወለሉ ላይ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ አንሥቼ ስጨብጠው በጣቶቼ መካከል ውኃ ወጣ። ደህና ጉዝጓዝ ሲጨበጥ በመጠኑ ይያያዝና እጅ ሲከፈት ይፈረካከሳል፤ ቢጨመቅም ውኃ አይወጣውም። እርጥብ ሲሆን ግን በኩሱ ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ባክቴሪያዎች ቶሎ አሞኒያ ወደተባለው ሽታው የሚያቃጥል ጋዝ ይለውጡታል፤ ኮክሲዲያ የተባለው የዶሮ አንጀት ተውሳክም ለመብሰል የሚፈልገው ይህንኑ ሙቀትና እርጥበት ነው፤ የዶሮዎቹ መዳፍም እየራሰ ይቆስላል። የአሞኒያው መጠን በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ25 እንዳይበልጥ የርባታ መመሪያዎች ያሳስባሉ። መለኪያ የሌለው ሰው በርከክ ብሎ አፍንጫውን በዶሮዋ ራስ ቁመት ልክ ያድርግ፤ ቆሞ ያልሸተተው ነገር እዚያ ዓይን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛውንና ረባዳውን ቦታ ትቶ፣ ጥቂት ተዳፋት ካለው መሬት ከፍ ያለውን ወገን መምረጥ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው።

ይህን ካለፍን በኋላ በግድግዳውና በጓሮው ጥግ መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የባለቤቱ የዕለት ድካም ነው። አንዲት ዶሮ ቀዝቀዝ ባለ ቀን ሩብ ሊትር ያህል ውኃ ትጠጣለች፤ ሙቀት ሲጨምር ይህ እጥፍ ይሆናል፤ ለ10 ዶሮ እስከ 5 ሊትር ይደርሳል ማለት ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ከ100 ግራም በላይ ኩስ ስለምትጥል ከ10 ዶሮ በየቀኑ ከአንድ ኪሎ በላይ ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ በእጅ የሚመላለስ ሸክም ነው። ጓሮው ጥግ ያለ ቤት ሽታውንና ጩኸቱን ከመኝታ ክፍል ያርቃል፤ ነገር ግን በዝናብና በጨለማ ጊዜ ባለቤቱ ማታ በሩን ሳይዘጋ፣ ጧትም መጠጫውን ሳያጥብ የሚውለው በዚህ ርቀት የተነሣ ነው። በዚያ ላይ አጥሩ ለሽልምጥማጥና ለመሳሰለው አዳኝ መሰላል ይሆነዋል፤ ሽታውም ቢሆን ከእርስዎ ርቆ ለጎረቤት ቀረበ እንጂ አልጠፋም።

ግድግዳ ሥር የተጠጋ ቤት ደግሞ በተቃራኒው ሁልጊዜ ከዓይን ሥር ነው፤ ዶሮዎቹ ሲደነግጡ ይሰማል፣ ውኃና መብራት ቅርብ ነው። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል ባይ ነኝ። የላባና የጉዝጓዝ ብናኝ በመስኮት ይገባል፣ የጣሪያው ጠፈጠፍ የዶሮ ቤቱ ላይ ይወርዳል፣ ግድግዳው በአንድ ወገን ነፋሱን ይከለክላል፣ በሁለቱ መካከል በምትቀረው ጠባብ ክፍተትም አይጥ ይራባል። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ከቤቱ ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቆ፣ ከማድ ቤት መስኮት በግልጽ የሚታይ ቦታ ቢገኝ እመርጣለሁ።

በዛፍ ጥላና በገላጣው መካከል ሚዛኑን የሚይዘው ሙቀት ነው። ዶሮ የላብ ዕጢ የላትም፤ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው አየር ደስ ብሏት ትውላለች፤ ከ30 ካለፈ ግን አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፎቿንም ከጎኗ ታርቃለች። በዚህ ረገድ ዛፉ ትልቅ ባለውለታ ነው። ይሁን እንጂ ቅርንጫፉ ላይ የሚያድሩ የዱር ወፎች ኩሳቸውን፣ ከእርሱም ጋር በሽታ ይጥላሉ፤ ከዝናብ በኋላም ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት ስለሚንጠባጠብ መሬቱ ቶሎ አይደርቅም። ገላጣው ቦታ በፀሐይ ቶሎ ይደርቃል፣ አየርም ይዘዋወርበታል፤ በቀትር ግን ይግላል፣ ለጭልፊትም የተጋለጠ ነው። ማስታረቂያው ቤቱን ከዛፉ ሥር ሳይሆን ከዛፉ በስተምሥራቅ፣ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ወጣ አድርጎ ማቆም ነው፤ እንዲህ ከሆነ የጧት ፀሐይ ጉዝጓዙን ያደርቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥላው ይደርስለታል። ሞቃት አካባቢ ከሆነ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ ያን ጊዜ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ የምትመታው ጠባቡን ጎን ብቻ ነው። የአየር ማስገቢያው ከቆጡ በላይ መሆን አለበት፤ ያደሩ ዶሮዎች ነፋስ በቀጥታ ሊመታቸው አይገባም።

ቦታው ሲታወቅ የሚገዛው ቤት ዓይነት ራሱ ይጠራል። ጎማ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ለጥቂት ዶሮና ሜዳማ ሣር ላለው ግቢ ተስማሚ ነው፤ ተዳፋት ላይ ግን ከሥሩ ክፍተት ስለሚፈጠር አዳኝ ይገባበታል። ለተዳፋት በአራት እግር ከመሬት ከፍ ያለ ቤት ይሻላል። ለአንዲት ዶሮ በውስጥ ወደ 0.4 ካሬ ሜትር፣ በውጭ መዋያው ወደ 1 ካሬ ሜትር ይሰላ፤ ዙሪያውን ለማጽዳት ደግሞ አንድ ሜትር መተላለፊያ ይተው። ስድስት ማዕዘን ዓይን ያለው ቀጭን ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ይከለክላት ይሆናል እንጂ አዳኝን አያስቆምም፤ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ መረብ ተመርጦ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይቀበር። የጉድጓድ ውኃ ያለበት ግቢ ከሆነ ቤቱ ከጉድጓዱ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቁም፤ ከወሰን ስለሚኖረው ርቀት የአካባቢው ደንብ የሚለውንም ከግዢ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የመረጡትን ቦታ በአራት ችካልና በገመድ ይከልሉት። ጧት፣ በቀትርና አመሻሽ ላይ ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ ዝናብ ሲያባራ ውኃው በየት እንደሚሄድ ለጥቂት ቀናት ይመልከቱ፤ አንድ ምሽትም ባትሪ ይዘው ከቤትዎ እስከ ችካሉ ይመላለሱ። ችካሎቹ ካልተነቀሉ የሚቀረው የግቢውን በር ስፋት መለካት ነው፤ ተገጣጥሞ የሚመጣ ቤት በበሩ ካላለፈ በክፍል በክፍል ተፈትቶ የሚመጣውን ይዘዙ።